አቶ ደጉ የሰው ሳህን ሲያዩ

አንድ ሰፈር መብራት ሳይገባለት፣ ቧንቧ ሳይዘረጋለት፣ ሐኪም ሳያየው ሊኖር ይችላል፤ የሰው ሳህን የሚያይ ሰው ሳይኖረው ግን አይኖርም። ይህ ሰው ረኃብተኛ አይደለም። የሚያየው ሊያርም ነው። ገና የመጀመሪያው ጉርሻ አፍህ ሳይደርስ «እንደሱ አይደለም!» ይልሃል። እንዴት እንደሆነ ያስረዳሃል፤ ሲያስረዳህ ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ «አሁንማ አበላሸኸው» ብሎ ያዝንልሃል።

ደሴ ፒያሳ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ደጉ ነበሩ። ዙፋናቸው ሸሪፋ ፉል ቤት በሩ አጠገብ ያለችው የምትነቃነቅ ወንበር፣ ግዛታቸው ባቄላ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ በመዛኝነት ሠርተዋል። መጋዘኑ በዕዳ ሲወረስ ሚዛኑም አብሮ ተወረሰና እሳቸው ጥርሳቸውን ብቻ ይዘው ደሴ ወጡ። ያ ጥርስ ግን የዋዛ አልነበረም። አንዲት ፍሬ ባቄላ በፊት ጥርሳቸው ሰበር አድርገው የየት አገር እንደሆነች፣ ስንት ወር ጎተራ እንደተቀመጠች ይናገራሉ።

ጀላል የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አንድ ጊዜ ሊፈትናቸው ፈልጎ፣ ሸሪፋ ሁልጊዜ በምትሠራበት የኩታበር ባቄላ ላይ የጃማ ባቄላ ደባልቆ አስቀቀለ። አቶ ደጉ አንዴ ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ «ሦስት እጅ ኩታበር፣ አንድ እጅ ጃማ። የጃማው ቆዳው ወፍራም ነው፣ ምላስ ላይ ይቆያል። ይህን ያደረገ ሰው ደግሞ ሁለት ሳህን ፉል ይከፍላል» አሉ። ጀላል ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ከኮምቦልቻ በመጣ ቁጥር ጀርባውን ለአቶ ደጉ ሰጥቶ፣ ሳህኑን በክንዱ ከልሎ ነው የሚበላው። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ከሚያሰማው ጩኸት የእሳቸው ድምፅ ይበልጥ ያደክመኛል ይላል።

ሕጋቸው ብዙ ነው። ፉል የሚበላው በዳቦ ነው፤ ዳቦውም በረድ ያለ፣ ቅርፊቱ ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ትኩሱ ዘይቱን ይጠጣውና ባቄላውን ያደርቀዋል። ከሙን ታምሶ እንጂ ጥሬውን አይገባም። ሽንኩርት ደንበኛው ከተቀመጠ በኋላ እንጂ ቀደም ብሎ አይከተፍም። ቃሪያ ለብቻው በጥርስ ይገመጣል። እንቁላል ያዘዘ ሰው ሎሚ ይቅርበት። አሹቅ ከሆነ ሰናፍጭ ይፈልጋል፤ ንፍሮ ከሆነ ጨዋታ ይፈልጋል፤ እሸት ከሆነ ግን ምንም አይፈልግም፣ እዚያው ማሳው ዳር ቆሞ መብላት ነው። ፉልን በእንጀራ ስለሚበላ ሰው ያወጡት ሕግ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም።

ሸሪፋ ባሏ ኑርሁሴን ሲሞት አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ድስትና ከአንድ የመናዊ የተማረውን ሙያ ትቶላት ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ለአስራ አንድ ዓመት፣ በየማለዳው፣ ከቢስሚላህ ቀጥሎ የምትሰማው የአቶ ደጉን ድምፅ ነው። «ሸሪፋ፣ ዛሬ ድስቱ ቶሎ ወርዷል። ሸሪፋ፣ ይሄ ከሙን ሁለት ጊዜ ሊታመስ ይገባው ነበር።» አንድ ቀን ሦስት ደንበኛ አስኮርፈው ሲያስወጡባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ያረቢ፣ የእኚህን ሰው አፍ ዝጋልኝ» አለች። ከልቧ ነበር ያለችው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ 1970 ዓ.ም. መጣ። ሱቁን በማለዳ የሚከፍት ሰው መንገዱን ግራ ቀኝ ሳያይ መሻገር ተማረ። ሰላምታ አጠረ። ድሮ ደንበኞች አቶ ደጉን «ሊቀ መንበር» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ያ ማዕረግ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ባለቤት ሲያገኝ ግን ማንም ለማንም ሳይነግር ሁሉም በአንድ ማለዳ ትተውት «መምህር» አሏቸው። ከማዕረግ ዝቅ በማለታቸው ቅር ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሸሪፋ ግን ፈራች። በር በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው የገባውን ሰው ሳይሆን የአቶ ደጉን አፍ ነው።

«ጋሼ ደጉ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ጊዜው ክፉ ነው። የራስዎን ሳህን ይዩ።»

«እኔ ስለ ፖለቲካ መች ተናገርኩ ልጄ? እኔ ስለ ባቄላ ነው።»

«የፖለቲካና የባቄላን ድንበር የሚያካልሉት እርስዎ ነዎት?»

አቶ ደጉ ትንሽ አሰቡና፣ «ባቄላውን ግን ዛሬ በደንብ አልደፈጠጥሽውም» አሏት።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ለቀበሌው አዲስ የተመደበው ካድሬ ጓድ እንየው ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ። አንደኛው የሰፈሩ ልጅ የሱፍ ነው፤ ሸሪፋ ቤት ፉል እየበላ ያደገ፣ አሁን ጠመንጃ የያዘ። ቤቱ ውስጥ ማንኪያ ቆመ። ጓድ እንየው መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠና ፉል አዘዘ። ሸሪፋ ጎረቤቷ ሸዋረጋ የጋገረችውን ዳቦ ስታቀርብለት በእጁ ገፋ አደረገው።

«አንሺው። ሰፊው ሕዝብ የሚበላው እንጀራ ነው።»

ሸሪፋ ለምሳዋ ካስቀመጠችው እንጀራ አምጥታ ዘረጋችለት። ስትመለስ የአቶ ደጉ ጆሮ ቀልቶ አየች። ፈጥና በሁለቱ መሀል ቆመች፤ ሻሿን የምታስተካክል መስላ ክንዷን ዘረጋች። አቶ ደጉ በክንዷ ሥር አጮለቁ። የመጀመሪያው ጉርሻ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ፤ አቶ ደጉ የወንበራቸውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። በሦስተኛው ላይ ጓድ እንየው እንጀራው ላይ ሎሚ ጨመቀበት። ይህ ከእሳቸው አቅም በላይ ነበር።

«ጓድ፣ ይቅርታዎን። ይሄ አበላል ስህተት ነው።»

ጀላል በጥግ በኩል ሳህኑን ትቶ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ምን አልክ?» አለ ጓድ እንየው፣ በቀስታ።

«እንጀራ በራሱ ኮምጣጣ ነው። ሎሚ ሲጨመርበት ባቄላው ጠፋ ማለት ነው። ድሮ እንዲህ አይበላም ነበር።»

«ድሮ? የቱ ድሮ?»

«ድሮ ነዋ። አረቦቹ እዚህ በነበሩ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ የእህሉ ንግድ በደራበት ጊዜ።»

«ድሮ ይሻል ነበር ነው የምትለው?»

ሸሪፋ በሆዷ፣ አዎ አይበሉ፣ አይበሉ፣ አይበሉ አለች። አቶ ደጉ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገረኛ ሰው መዘኑት። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ሲይዙ አንድ ቀን አጭበርብረው አያውቁም።

«ስለ ባቄላ ከሆነ፣ አዎ» አሉ።

ጓድ እንየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ፉሉን በእንጀራው ጠርጎ ጨረሰ፣ እጁን ታጠበ፣ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ወደ ሸሪፋ ዞረ።

«ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

አስራ አንድ ዓመት «እርስዎ» ያለቻቸውን ሰው ሸሪፋ በአንድ ትንፋሽ ጣለቻቸው። «አላውቀውም። ደንበኛ ነው» አለች።

አቶ ደጉ ቀና ብለው አዩዋት። ሊያርሟት የፈለጉ ይመስል ነበር። ግን ተነሥተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ በሁለቱ ጠመንጃዎች መሀል ወጡ። ወንበራቸው ትንሽ ከተነቃነቀች በኋላ ቆመች። ሸሪፋ ያን የ«አፍ ዝጋልኝ» ዱዓዋን አስታወሰች።

የአቶ ደጉ ሚስት ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም። ስንቅ የሚወስድላቸው ሰው አልነበረም። ሸሪፋ አንድ ቀን አሰበች፣ ሁለት ቀን ፈራች፣ በሦስተኛው ቀን ፉሉን በሳህን አድርጋ በጨርቅ ቋጥራ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄደች። በሩ ላይ ሴቶች ተሰልፈዋል። ጥበቃው የዛሬውን ሳህን ይቀበላል፣ የትናንቱን ባዶ ሳህን ይመልሳል። መጠየቅ የለም፣ ማየት የለም፣ ማልቀስ የለም።

በስድስተኛው ቀን ከፊቷ የቆመችውን ሴት ጥበቃው፣ «ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» አላት። ሴትዮዋ ያመጣችውን ሳህን እንደያዘች ዞራ ሄደች። አልጮኸችም፤ መጮህ እንደማይፈቀድ ታውቃለች። የቃሉ ትርጉም ለሸሪፋም ገባት፤ ሰውየው ተገድሏል ማለት ነው።

ያን ዕለት ደግሞ ሸዋረጋ በር ዘግታ የባሰውን ነገረቻት። «እነዚህ ሰዎች እኮ ሰውየው ከሞተ በኋላም ስንቁን ይቀበላሉ አሉ። ይበሉታል። ለአንዷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ሳህን ሲመልሱላት ኖረው፣ ለካ ልጇ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያለቀው።»

ሸሪፋ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። ባዶ ሳህን ምንም አይናገርም። የሱፍም በሩ ላይ ሲቆም ዓይኗን አያይም። አቶ ደጉ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ እስከዚያ ማለዳ ድረስ፣ ድስቱን ስታማስል፣ ያለ ልማዱ ቤቱ ጭር ማለቱን እስክታስተውል ድረስ። ድስቱ ቶሎ ወርዶ ነበር። ማንም አልነገራትም።

ማማሰያውን አስቀምጣ ገበያ ሮጠች። ሁለት ጣሳ የጃማ ባቄላ ገዝታ መጣች። በማግስቱ የጃማውን ፉል፣ ያለ አንዳች ኩታበር፣ ቋጥራ ወሰደች። የሚቀምሰው ጥበቃ ከሆነ ልዩነቱን አያውቀውም። በዚህች ከተማ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሱፍ ጠመንጃውን አንግቶ ፉል ቤቱ ገባ። ብቻውን ነበር። ሸዋረጋ ዳቦ እንደታቀፈች ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እሷም፣ ጀላልም፣ ሸሪፋም የሚመጣውን ቃል ያውቁታል፤ ከነገ ጀምሮ ነው የሚጀምረው።

«ሸሪፋ፣ ወዲህ ነይ።»

ሄደች። እንዴት እንደሄደች አታውቅም። የሱፍ ወደ ኋላው ወደ በሩ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው በጃማ ባቄላ ፉል የምትሠሪው?»

ሸሪፋ ጠረጴዛውን ያዘች። «ማን አለ?»

«ማንም አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

የሱፍ ባቄላን ከሽምብራ የማይለይ ልጅ ነው፤ ይህን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሸሪፋ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት፤ አፏን በሻሿ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ሸዋረጋ ተከትላት ስትገባ ትከሻዋን ጨብጣ፣ «አሉ! ወላሂ አሉ!» አለቻት። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና፣ «ነገስ ምን እናበላሽ?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች በየማለዳው ተማክረው ያበላሹ ነበር። ጥሬ ከሙን ላኩ፤ የሱፍ መጥቶ «ከሙኑን ማመስ ደከመሽ እንዴ?» አለ። የትናንት ሽንኩርት ላኩ፤ እሱንም ሰሙ። እንቁላልና ሎሚ አንድ ላይ የላኩ ዕለት የሱፍ ራሱ ላብ አጥምቆት ነበር፤ የተባለውን ሁሉ አልነገራትም፤ «ብቻ አትድገሚው» አላት። በዚያ የታኅሣሥ ብርድ ደሴ ውስጥ እንደ ሸሪፋ ስድብ የሚያሞቃት ሴት አልነበረችም።

ጥር መጨረሻ ላይ ስድቡ ቆመ። ሸሪፋ የጃማ ባቄላ ላከች፣ ዝም። ጥሬ ከሙን፣ ዝም። በመጨረሻ ፉሉን በእንጀራ ላከች። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። የሱፍ በሩ ላይ ሳህኑን ሲያቀብላት ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። ሸዋረጋ ስለት ተሳለች፤ ሸሪፋ ሰላቷን ስትሰግድ ሱጁድ ላይ፣ ግንባሯን መሬት እንዳስነካች፣ ትቆያለች፤ ግን ምን ብላ እንደምትለምን ግራ ገብቷት ነበር፤ የቀድሞው ዱዓዋ እንደ ተሰማ ታውቃለችና።

በአስረኛው ቀን አቶ ደጉ ራሳቸው በበሩ ገቡ።

ለምን እንደ ያዟቸው ያልነገሯቸው ሰዎች ለምን እንደ ፈቷቸውም አልነገሯቸውም። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ወንበራቸውን በእጃቸው ዳሰው ተቀመጡ። ሸሪፋ «ጋሼ ደጉ!» ብላ ስትሮጥ ፈገግ አሉላት፤ ያኔ ነው ያየችው። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም፤ የላይኛው ሁለት፣ የታችኛው ሦስት።

ያላትን ሁሉ ጥሩ ጥሩውን አድርጋ አቀረበችላቸው፤ ኩታበር፣ የታመሰ ከሙን፣ በረድ ያለ ዳቦ። አቶ ደጉ ዳቦውን ዘይት ውስጥ እያራሱ ሳህኑን ጨረሱ።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«ጥሩ ነው።»

በአስራ አንድ ዓመት ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። በማግስቱ አበላሽታ ሰጠቻቸው፤ «ጥሩ ነው» አሉ። ደንበኞቹም ነገሩ ገባቸው። ጀላል ክንዱን ከሳህኑ ላይ አንሥቶ ፊታቸው ተቀመጠና ፉሉ ላይ ሻይ ደፋበት። እያዩት አቀረቀሩ። ዝም እንዲሉለት ሲመኝ የኖረው ሰው ሁሉ አሁን ዝም ሲሉ ጭንቅ ያዘው። ሸሪፋ በአላህ ስም ይቅርታ ልትጠይቅ ፈልጋ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀመጠች። «ያን ዕለት… አላውቀውም ያልኩት…» ብላ ጀመረች። አቶ ደጉ እጇን መታ መታ አደረጉና ሳህናቸውን ማየት ቀጠሉ።

እንዲህ ባለ አንድ ማለዳ ነው ጓድ እንየው ተመልሶ የመጣው። ያን ዕለት ሸሪፋ የቀቀለችው የጃማ ባቄላ ነበር። መሀል ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ «እንጀራ» አለ። ሸሪፋ እንጀራውን ስትዘረጋለት ሁለት ፍርሃት አብሮ ያዛት፤ አቶ ደጉ ይናገሩ ይሆን የሚለውና፣ አይናገሩ ይሆን የሚለው። የቱ እንደሚብስ ለራሷም አልታወቃትም።

ጓድ እንየው ሎሚውን አነሣ። እያያቸው፣ ቀስ ብሎ፣ እንጀራው ላይ ጨመቀው።

«እህ ሽማግሌ፣ ዛሬስ አበላሌ እንዴት ነው?»

አቶ ደጉ ከሳህናቸው ቀና አሉ። እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ይዟል።

«ጥሩ ነው፣ ጓድ።»

ካድሬው ሳቀ። በልቶ፣ ከፍሎ፣ ወጣ። የጫማው ድምፅ ከደረጃው ላይ ጠፋ። ሸሪፋ የአቶ ደጉን ሳህን ልታነሣ ሄደች፤ ዓይኗ በእንባ ስለ ተሞላ ሳህኑን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነበር የምትዳስሰው። ያረቢ፣ ያን ዱዓዬን መልስልኝ፣ ቀልዴን ነበር አለች በልቧ። ቀልዷን አልነበረም፤ አላህም ያውቃል።

አቶ ደጉ የሻሿን ጫፍ ያዝ አደረጓት። ጎንበስ አለች። አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉ።

«የኩታበር ባቄላ አለቀ እንዴ?» አሏት በሹክሹክታ።

ሸሪፋም በሹክሹክታ ጠየቀች። «ጋሼ… ጥርስዎ ሳይኖር እንዴት አወቁት?»

«በድድም ይታወቃል» አሉ፣ በሩን እያዩ። ከዚያ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሎሚ ሲጨምቅበት አየሽው? እንጀራው ላይ እኮ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ከፍ ብሎ አያውቅም። የሰውን ሳህን በሩቁ ያዩና ለሸሪፋ ብቻ ይናገራሉ። በየማለዳው ሥራዋን ሁሉ ትታ፣ ድስቱ ቢያርም፣ ደንበኛ ቢጣራ፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ትሰጣቸዋለች።

«ከሙኑ ጥሬ ነው» ይሏታል።

«አልሰማሁም ጋሼ፣ ይድገሙልኝ» ትላቸዋለች።

ሰምታለች።